ሰባት ሴቶች በአንድ ቁጥር

ሰሚሐን መጀመሪያ ያየኋት ቀን ጠልቻታለሁ። ኋላ ሳመሰግናት ከጥንትም የምወዳት እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው አስቀድሜ የምናገረው።

ጊዜው በፈረንጆቹ 2006 ነው። ኻርቱም አርካዊት በሚባል ሰፈር ባለው ክሊኒካችን መስኮት ላይ ከተቀመጥኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። መስኮት የምለው በሽተኛ ሲመጣ ካርዱን የምንቀበልበትን፣ ፋይሉን ከመደርደሪያ አውጥተን ለሐኪም የምንልክበትን ቦታ ነው። ኩባንያው ትልቅ ነው፤ በኻርቱም፣ ከወንዙ ማዶ ባሉት በባህሪና በኦምዱርማን ከተሞች ዘጠኝ ክሊኒክና አንድ ሆስፒታል አለው። በዚያ ሁሉ ውስጥ መጥረጊያ ሳትይዝ ወንበር ላይ ተቀምጣ የምትሠራ ሐበሻ እኔ ብቻ ነበርኩ። ደሴ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የመጣሁ ነኝ፤ ዐረብኛ መጻፍ የተማርኩት ደግሞ ሰው ቤት እየሠራሁ ከልጆቹ ደብተር ላይ ነው። በዚህ ትንሽ እኮራ ነበር። ትንሽ ስል ብዙ ማለቴ ነው።

ሰሚሐ አንድ ጠዋት ላፕቶፕ በብብቷ ይዛ መጣች። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ የከሚሴ ሴት፣ አባቷ ሱዳናዊ፤ ተወልዳ ያደገችው ኻርቱም ስለሆነ ያኔ አማርኛዋ ይሰባበር ነበር።

«ኻልቲ ሀጀራ፣ እንዴት ነህ?» አለችኝ። ኻልቲ አክስቴ ማለት ነው። በአንድ ትንፋሽ አክስቷ አድርጋኝ መልሳ ወንድ አደረገችኝ።

«አልሐምዱሊላህ» አልኳት ቀና ሳልል።

«ይሄ መደርደሪያ ሁሉ እዚህ ሊገባ ነው» አለችና ላፕቶፑን መታ መታ አደረገችው። ዘጠኝ ዓመት የለቀምኩትንና የደረደርኩትን! ያን ቀን ምሳ አልበላልኝ አለ።

እውነቱን ለመናገር ግን ነገሩ መላ ያስፈልገው ነበር። እኛ አርካዊት በካርቶን ፋይል እንሠራለን። ባህሪ ጥቁር ስክሪን ላይ አረንጓዴ ፊደል የሚያበራ አሮጌ ኮምፒውተር አላቸው። ኦምዱርማን የአንድ ዶክተራቸው የወንድም ልጅ የሠራላቸው ሰንጠረዥ አለ፤ ሆስፒታሉ ከዮርዳኖስ የተገዛ ፕሮግራም አለው። አንዱ ከሌላው ጋር አይነጋገርም። ጠዋት ባህሪ ደሙ የተመረመረ ሰውዬ ከሰዓት እኛ ጋ ሲመጣ እንደ አዲስ እንወጋዋለን። አንድ በሽተኛ አራት ቦታ ከታከመ አራት ሰው ነው ማለት ነው። ሰሚሐ የተቀጠረችው ይህን ሁሉ አንድ ቦታ አምጥታ አንድን ሰው አንድ ሰው እንድታደርገው ነበር።

ጥላቻዬ ሁለት ሳምንት ቆየ። እንዴት እንደለቀቀኝ ልንገራችሁ። ልጅቷ ጸሐፊዎቹን አዝዛ ቢሮ ውስጥ በመቀመጥ ፈንታ ከመደርደሪያው ሥር ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፋ ተቀመጠች። አራት ልጆች ፋይሉን ኮምፒውተር ላይ ይጽፋሉ፤ እሷ ከተጻፈው ከአሥር አንዱን ራሷ አውጥታ ከካርቶኑ ጋር በጣቷ እየተከተለች ታመሳክራለች። አቧራው ዓይኗን ያቀላዋል፣ ታስነጥሳለች፣ ትቀጥላለች። አስራ አንድ ሳምንት እንዲህ ነው የሠራችው።

አንድ ቀን «ኻልቲ፣ ፋይል ስትፈልጊ እንዴት ነው ቶሎ የምታገኚው?» አለችኝ።

አፈርኩ። የደረደርኩት በፊደል ተራ አይደለማ። የኛ ሴቶች፣ ሰው ቤት የሚሠሩት ሐበሾች፣ ስማቸው አንድ ዓይነት ነው፤ አንዷን ሀዋ ስትጠራ አምስት ይነሳሉ። ስለዚህ እኔ በሚሠሩበት ቤት ነው የደረደርኳቸው፤ የአል-ጣኢፍ ሰፈር የሐኪሙ ቤት፣ የአርካዊት የባለ ወርቅ ቤቱ ቤት፣ እያልኩ። ይህን ስነግራት ትስቅብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሳቀችም፤ ጻፈችው። በማግስቱ ስክሪኑን አሳየችኝ፤ «የምትሠራበት ቤት» የሚል ቦታ ተጨምሮበታል። ዘጠኙም ክሊኒክ በእኔ አደራደር ሊጠቀም ነው። ከዚያ በኋላ እንዴት ልጥላት?

አሁን ወደ ችግሩ ልምጣ። ሙዲሩ፣ ማለትም ሥራ አስኪያጃችን ፈድለላ፣ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችኩል ነበር። በእሱ ሰብሳቢነት አንድ ደንብ ወጣ፤ የአንድ ሰው ሁለት መዝገብ ቢጋጭ የኋለኛው ይጸናል። አሥሩም ቦታ ቅዳሜ ጠዋት በአዲሱ ሥርዓት እንዲከፍት ተወሰነ። ካርቶኖቹ ታሽገው ከከተማ ውጭ ወዳለ መጋዘን ሄዱ። ሰሚሐ ግን ደንቡ አልዋጥላት ስላለ፣ ማንም ሳያዛት፣ ሊሆን የማይችል ነገር የተጻፈበትን ሰው ሁሉ እየለቀመ የሚያወጣ ፍተሻ ሠራች። ከዘጠና ሺህ ሰው ሦስት መቶ አስራ ሁለት ወጡ። ረቡዕ ዕለት ዝርዝሩን ይዛ መስኮቴ ላይ ቆመች።

«ኻልቲ፣ ይቺ ሉጥፊያ የምትባል ሴት በረጀብ ወለደች። በአራት ወሩ በዙልቂዕዳ ደግሞ ወለደች። ትርፍ አንጀቷ ባህሪ ወጣ፤ ሆስፒታል ሄዳ እንደገና አስወጣችው። ቁመቷም አስር ሳንቲ ጨመረ። ወላሂ ጎበዝ ሴት ናት!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ወገቤን ይዤ እስቅ ነበር። ያኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም፤ ሉጥፊያን ያበዛናት እኛ ነና።

ሉጥፊያ አል-ጣኢፍ አንድ መሐንዲስ ቤት ወጥ ሠሪ ናት። መሐንዲሱ ደግ ሰው ስለሆነ ከቤተሰቡ ጋር የጤና መድን ካርድ አወጣላት። ያኔ ካርዱ ፎቶ የለውም። በኛ ዘንድ ደግሞ ካርድ ያላት ለሌላት ትሰጣለች፤ እህትሽ በትኩሳት እየነደደች ካርድሽን ቦርሳሽ ውስጥ ይዘሽ መቀመጥ ነውር ነው። ስለዚህ አንዷ ስትታመም የሉጥፊያን ካርድ ይዛ ትመጣለች። እኔም መስኮቱ ላይ ሆኜ፣ የመጣችው ሀኒፋ የምትባል የአገሬ ልጅ መሆኗን እያወቅሁ፣ ፊቷን እያየሁ፣ «ሉጥፊያ! ግቢ፣ ተራሽ ነው!» እላለሁ። ጽድቅ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር። ሰሚሐ ደግሞ አራቱን መዝገብ ያገናኘችው በካርድ ቁጥር ነው። ሴቶቹ ሁሉ አንድ ሰው ሆነው ወጡ።

በካርዱ የታከሙት ከሉጥፊያ ጋር ሰባት ናቸው። ሰባተኛዋ እኔ ነኝ። ይህን ደግሞ በሕይወት ያለ ሰው አያውቅም ነበር።

በ2004 መጨረሻ አንድ ባለ ሚስት ሰው በኒካህ አገባኝ፤ በስውር፣ ሁለተኛ ሚስት ሆኜ። ሀኒፋ ከዚያ በፊት እንዲሁ ሁለተኛ ሆና ስታገባ ሰው በተሰበሰበበት ያላልኳት የለም። «በሰው ሚስት ላይ! ክብር የሌለሽ!» ብያታለሁ፤ አንገቷን ደፍታ ነው የሰማችኝ። ታዲያ ራሴ በገባሁበት ጊዜ እንዴት ብዬ ልናገር? ሰውየው በሦስተኛው ወር ፈታኝ። እኔ ግን አርግዤ ነበር። በአራተኛው ወር ሲያመኝ የሠራተኛ ካርዴን ባወጣ ወሬው ቢሮ እስኪደርስ አንድ ቀን አይፈጅም። ሉጥፊያን ራስ ምታት ነው ብዬ ካርዷን ተቀበልኩና ማንም ወደማያውቀኝ ወደ ኦምዱርማን ክሊኒክ ሄድኩ። አምስት ቀን ተኛሁ። ጽንሱ ወረደ። ጠዋትና ማታ ፔንሲሊን ወጉኝ፤ ተሽሎኝ ወጣሁ፣ ሥራ ገባሁ።

ሰሚሐ ጣቷን ዝርዝሩ ላይ አሳረፈች። ሳቋ ጠፍቷል።

«በ1999 እዚህ ፔንሲሊን ተወጋች፣ ወደቀች፣ ልትሞት ነበር። ሐኪሙ በቀይ ጽፏል። በ2005 ኦምዱርማን አምስት ቀን ፔንሲሊን ወሰደች፣ ተስማማት። የኋለኛው ይጸናል። ሰኞ ሆስፒታል ለሐሞት ጠጠር ቀዶ ጥገና አላት። ስክሪኑ ምን ይላል ኻልቲ? ፔንሲሊን፣ ታማም፣ ደህና ነው ይላል።»

በ1999 የወደቀችው ራሷ ሉጥፊያ ናት። ለምን እንደወደቀች ግን እሷም አታውቅም፤ ረመዳን ስለነበር ጾሙ ነው የጣለኝ እያለች ነው የምታወራው። ሐኪም ቢጠይቃት መድኃኒት ሁሉ ይስማማኛል ነው የምትለው።

እና እኔ ምን አደረግሁ? ዋሸሁ። «የኦምዱርማኑ የጽሕፈት ስህተት ይሆናል፤ አጥፊው» አልኳት።

«ስህተት አምስት ቀን አልጋ ላይ አይተኛም» አለችኝ። ድምጿ ቁጣ የለውም። «እኔ ምንም አላጠፋም ኻልቲ። ለባለቤቱ ነው የምመልሰው። ባለቤት ከጠፋ ፋይሉን እዘጋለሁ፤ ሰኞ ሐኪሙ ባዶ ስክሪን ያያል፣ ቀዩም አይታየውም። ኮምፒውተሩ ብዙ ሴቶች እንደሆኑ ነገረኝ። እነማን እንደሆኑ ግን አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

ስለ ስድስቱ ነገርኳት። መስኮቱ ላይ የሠራሁትን ሁሉ ተናዘዝኩ። ስለ ራሴ ግን አንድ ቃል አልወጣኝም።

ሐሙስ ሙዲሩ መጣ። ከዘጠና ሺህ ሦስት መቶው ምንም አይደለም፣ ቅዳሜ እንዳለ ይከፈት አለ። ሰሚሐ ቁጭ ብላ ሰማችው። ስትመልስለት ድምጿን አንዲት ስንዝር ከፍ አላደረገችም፤ «ኡስታዝ ፈድለላ፣ ይከፈት የሚለው ወረቀት ላይ የሚፈርመው የኔ እጅ ነው። እነዚህ ሰዎች ሳይለዩ ወይም ፋይላቸው ሳይዘጋ አልፈርምም። ሌላ ሰው ፈልግ» አለች። ሌላ ሰው እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን። ሙዲሩ ላቡን ጠረገና እስከ ዓርብ መግሪብ ጊዜ ሰጣት። እኔ እስከዚያ ዕድሜዬ ለአለቃ እንዲህ የመለሰ ሰው አላየሁም። ልጄ በሆነች ብዬ ተመኘሁ።

እሷ የቀሩትን ሦስት መቶ አስራ አንዱን ባለቤት እስኪገኝላቸው ስትዘጋ አደረች። እኔ የሉጥፊያ ነፍስ አደጋ ላይ ነው እያልኩ በስልክ ሴቶቹን ለመንኩ። ዓርብ የዕረፍት ቀናቸው ነው፤ መጡ። ግን እንዴት ፈርተው! ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሚፈትሽ ፖሊስ ጓዳ የተደበቀ መስሏቸው በሩ ላይ ቆመው ሊገቡ አልቻሉም። ሰሚሐ ወጥታ አንድ በአንድ እጃቸውን ጨበጠች።

«የሆነውን ለሙዲሩ እጽፋለሁ፣ ውሸት አልጽፍም» አለቻቸው። «ግን የናንተን ፋይል የሚያክማችሁ ሰው ብቻ ነው የሚያየው። መስኮት እንኳ ስምና ቁጥር ብቻ ነው የሚያየው። ያላ፣ ተቀመጡ።»

ቀን የሚያስታውስ አልነበረም። መቼ ታከምሽ ስትባል «ቆየት ብሏል» ነው መልሱ። ሰሚሐ ቀኑን ተወችና ያኔ ምን ሆኖ ነበር ብላ ትጠይቅ ጀመር። አንዷ ዐባይ ሞልቶ የቱቲ ደሴት ሰዎች አሸዋ በጆንያ ሲከምሩ ነው አለች፤ ሌላዋ የመሐንዲሱ ልጅ በተዳረችበት ሳምንት፣ ሦስተኛዋ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ላይ ከሚኒባስ ስወርድ እግሬ የተጠመዘዘ ቀን። ሰሚሐ እየሰማች ከመዝገቡ ጋር ታገጣጥማለች፤ እየነቀለች ወደየባለቤቱ ትወስዳለች። ሀኒፋ ተራዋ ደርሶ ስምሽ ማነው ስትባል «ሉጥፊያ» ብላ አረፈች። ሁላችን ሳቅን። ከዚያ ቀስ ብላ «ሀኒፋ» አለች። ያን ክሊኒክ ስድስት ዓመት ተመላልሳበታለች፤ በስሟ ስትጻፍ ያ የመጀመሪያዋ ነው።

ዐስር ሶላት ላይ ሁሉም አለቀ። አንድ መስመር ቀረ።

«ኦምዱርማን፣ 2005፣ አምስት ቀን» አለች ሰሚሐ። ሕመሙን አላነበበችም፤ ስክሪኑን ወደ ራሷ አዞረችው። «ይሄ የማነው?»

ሉጥፊያ «እኔስ የኦምዱርማኑን ደጃፍ እንኳ አላውቀውም» አለች።

«የሚያፍር ሰው ካለ በኋላ ለብቻው ይንገረኝ። እስከ መግሪብ አለሁ» አለች ሰሚሐ። እኔን አላየችኝም። ማወቋን ግን ያኔ አወቅሁ። መውጫ እየከፈተችልኝ ነበር፤ እኔም ሌሎቹ እስኪሄዱ ልጠብቅ ወሰንኩ።

ሴቶቹ ግን ወደ ሀኒፋ መመልከት ጀመሩ። ባሏ የኦምዱርማን ሰው ነውና። ሀኒፋ የመሐረቧን ጫፍ ስትፈትል ቆየችና ቀና አለች።

«በኔ ጻፊው» አለች።

«ያንቺ ነው?» አለች ሰሚሐ።

«አይደለም። ግን ባለቤቱ ካልተገኘ ሉጥፊያ ልትሞት ነው አላላችሁም? እኔ ላይ ይሁን። እኔ እንደሆንኩ ለምጃለሁ፤ ሰው የፈለገውን ይበለኝ።»

ሰው የፈለገውን ሲላት የኖረው ማን ሆነና! እዚያ መሐል ተነሳሁ።

«የኔ ነው» አልኩ። «ባለ ሚስት ሰው አግብቼ ነበር። ሁለተኛ ሆኜ፣ ተደብቄ። አርግዤ ወረደብኝ። ሀኒፋ፣ ያን ሁሉ የተናገርኩሽን እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ። አፉ በይኝ።»

ሀኒፋ አፏን በእጇ ያዘች። ዘልላ ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትሰድበኝ ደስ ባለኝ። ሉጥፊያ ግን ቀድማት ተነስታ መጣችና ክንዴን ያዘችኝ።

«ራስ ምታት ነው አላልሽኝም?» አለችኝ። «አምስት ቀን? ሾርባ የሚያመጣልሽ ሰው ሳይኖር?»

ያኔ ነው ያለቀስኩት። ሀኒፋም መጥታ በሌላ በኩል ያዘችኝ፤ እንደያዙኝ ሰሚሐ ስሜን እስከ ቅድመ አያቴ ጠየቀችኝና ጻፈች። የኦምዱርማኑ መስመር ከሉጥፊያ ላይ ተነሳ። ከሥሩ የ1999ኙ ቀይ ጽሑፍ ብቻውን ቀረ።

ቅዳሜ አሥሩም ቦታ ተከፈተ። ሰኞ ከሉጥፊያ ጋር ሆስፒታል ነበርኩ። ነርሷ ከባህሪ የተዛወረች፣ ሉጥፊያን አይታ የማታውቅ ልጅ ናት። የተለመደውን የፔንሲሊን ዘር መርፌ ትሪ ላይ አዘጋጅታ ስክሪኑን ከፈተች፤ አነበበች፤ እንደገና አነበበች፤ መርፌውን መልሳ ሌላ አመጣች። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀባትም። ሉጥፊያ ከሰዓት ነቅታ ውሃ አምጡልኝ እያለች ትጨቀጭቀን ነበር።

ሰሚሐ እንዳለችው ለሙዲሩ እውነቱን ጻፈች፤ የእኔን ጥፋት ሳትቀንስ። ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፣ ከመስኮቱም ተነሳሁ። ሁለት ቀን አኮረፍኳት፤ መቼም አመሌን አልተውም። ባለቤት ያልተገኘላቸውን ፋይሎች ከሷ ጋር ተቀምጬ እንድለይ ያስመደበችኝ ግን እሷው ናት። ከነዚያ ውስጥ ስንቶቹ የኛ ሴቶች እንደነበሩ አትጠይቁኝ።

በዚያ ሥራ በመጀመሪያው ቀን የራሴን ፋይል አሳዪኝ አልኳት። ደንቡ ለባለቤቷ ይፈቅዳል አለችና ከፈተችልኝ፤ ወንበሯን ለቅቃልኝ ወደ መስኮቱ ሄደች። ከላይ ስሜ አለ። ከሥሩ ኦምዱርማን የጻፉት፣ እኔ በሰው ስም ተኝቼ ስለነበር ለመጠየቅ ያልደፈርኩት ነገር አለ። የአራት ወር ጽንስ ይላል። ቀጥሎ፣ ሴት ይላል።

እጄን ስክሪኑ ላይ አድርጌ ቆየሁ። ሴት ልጅ እንደነበረችኝ ያን ቀን አወቅሁ።